አንቲቫይረሱ በሠራተኛ አካውንት ብቻ ሃንግ ሲያደርግ፦ የአንድ አራት ኪሎ ኮፒ ቤት ጉዳይ

ቤቱ ያለው አራት ኪሎ ነው፣ ከሚያዝያ 27 አደባባይ ብዙም ሳይርቅ። ጽሕፈት፣ ፕሪንት፣ ኮፒ፣ ጥረዛና ላሚኔሽን ይሠራል። ስድስቱም ኮምፒውተሮቹ አንድ ዓይነት ናቸው፦ ባለ 4 ኮር ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ ኤስኤስዲ ያልሆነ የ500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ፣ 64 ቢት ዊንዶውስ 10። ደንበኛው በብዛት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለሆነ ሥራው የሚመጣው በፍላሽ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲቃረብ ደግሞ አንዱ ፍላሽ ሳይነቀል ሌላው ይሰለፋል።

ፍላሽ ባለበት ሾርትከት ቫይረስ አይጠፋም። አሠራሩ የታወቀ ነው። የደንበኛውን ፎልደር ይደብቅና በዚያው ስም ሾርትከት ያስቀምጣል። ጸሐፊዋ ፎልደር መስሏት ደብል ክሊክ ስታደርግ መጀመሪያ የቫይረሱ ስክሪፕት ይነሣል፣ ቀጥሎ እውነተኛው ፎልደር ይከፈታል፤ ማንም አይጠረጥርም። ከዊንዶውስ 7 ወዲህ ፍላሽ ላይ ያለ ፕሮግራም ስለተሰካ ብቻ ራሱን አያስነሣም፤ የሰው ጣት ያስፈልገዋል። በአድሚን አካውንት (ኮምፒውተሩን በሙሉ መቀየር በሚፈቀድለት) ላይ ያ ጣት አንዴ «የስ» ካለ ቫይረሱ እስከ ሲስተሙ ድረስ ይገባል። ያ ፈቃድ በሌለው በውስን አካውንት ላይ ግን የአድሚን የይለፍ ቃል ስለሚጠየቅ ስክሪፕቱ የሚደርሰው እስከዚያ ሰው የራሱ ጓዳ ድረስ ነው፦ የራሱ ስታርትአፕ ፎልደር (ሲገባ አብረው የሚነሡ ፕሮግራሞች የሚቀመጡበት) እና የራሱ የሬጅስትሪ ክፍል (የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ)። የሚጸዳውም አንድ ፕሮፋይል ብቻ ይሆናል። ቤቱ በዚህ ቫይረስ ብዙ ስለተቸገረ ለእያንዳንዱ ጸሐፊ ውስን አካውንት ተከፈተ። በአንድ ኮምፒውተር ላይ የጠዋትና የከሰዓት ጸሐፊ ስላሉ ሁለት ውስን አካውንት፣ በዚያ ላይ የባለቤቱ አድሚን። ውሳኔው ትክክል ነበር።

ችግሩ በማግሥቱ ታየ። ጸሐፊዋ ፍላሽ ስትሰካ ከስክሪኑ በስተቀኝ ታች የአንቲቫይረሱ ትንሽ መስኮት ብቅ ይላል፣ ወዲያው ነጭ ይለብሳል፣ «ኖት ሪስፖንዲንግ» ይላል። የፍላሹ ፎልደር አይከፈትም፣ ታስክባሩም አይታዘዝም። ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ እንዲህ ከቆየ በኋላ ራሱ ይለቃል። ባለቤቱ በራሳቸው አካውንት ገብተው ያንኑ ፍላሽ ያንኑ ቀዳዳ ላይ ሲሰኩት ግን በ20 ሰከንድ ውስጥ ይፈተሻል። የጠዋቷ ጸሐፊ ነገሩን በትክክል ገልጻዋለች፦ «ጋሼ፣ እርስዎ ሲከፍቱት ይሠራል፣ እኔ ስከፍተው ነው የሚደርቀው። ፍላሹን ነቅዬ ደንበኛውን ይቅርታ እላለሁ፣ ሌላ ምን ላድርግ?»

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም መንደሩ የሚያውቃቸው መድኃኒቶች ሁለት ናቸው፦ ፎርማት ማድረግ ወይም ሠራተኛውን አድሚን ማድረግ። ፎርማቱ ስድስት ኮምፒውተር ላይ ሁለት የሥራ ቀን ይፈጃል፤ ያው ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ የኖረው አሮጌ ማስጫኛ ተመልሶ ከተጫነ ደግሞ ያው ችግር አብሮ ይመለሳል። ሁለተኛው ግን ቁጥር 2 ኮምፒውተር ላይ ተሞክሮ ነበር። የጸሐፊዋ አካውንት አድሚን ተደረገ፣ ወጥታ ገባች፣ ፍላሽ ሰካች፣ መስኮቱ እንደገና ደረቀ። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ «አንቲቫይረሱ ተበላሽቷል» ብሎ ይተወዋል። ትልቁ ፍንጭ ግን ይህ ነበር፦ አድሚን መሆን ካልፈታው ነገሩ አድሚን ስላልሆነች የመጣ አይደለም ማለት ነው።

ሃንግ ሁሉ አንድ አይደለም

መጀመሪያ መለየት ያለበት ደረቀ የተባለው ፕሮግራም እየጠበቀ ነው ወይስ እየሮጠ የሚለው ነው። መስኮቱ ነጭ እንደሆነ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጭኖ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፣ «ዲቴይልስ» የሚለው ገጽ ላይ የሲፒዩው (የፕሮሰሰሩ አጠቃቀም) ዓምድ ይታያል። ዜሮ ከሆነ ፕሮግራሙ የሆነ ነገር እየጠበቀ ነው። ያኔ ስሙ ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ «አናላይዝ ዌት ቼይን» ሲባል ማንን እንደሚጠብቅ ያሳያል። ባለ 4 ኮር ኮምፒውተር ላይ 25 በመቶ አካባቢ ተክሎ ከቀረ ደግሞ አንድ ሙሉ ኮር ይዞ ያንኑ ነገር ደጋግሞ እየሞከረ ነው። እዚህ ቤት የታየው 25 ነበር፣ ከዚያም ንቅንቅ አላለም።

25ቱን የያዘው ዋናው የአንቲቫይረስ ሰርቪስ አልነበረም። ለዚህ ጉዳይ መለየት ያለባቸው የአንቲቫይረስ ክፍሎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ሰርቪሱ ነው፤ «ሲስተም» በሚባለው የዊንዶውስ የራሱ አካውንት ይሠራል፣ ማንም ሳይገባም ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብሮ ይነሣል። ሁለተኛው ሰው የሚያየው ክፍል ነው፦ ከሰዓቱ አጠገብ ያለችው ምልክትና መስኮቷ። ይህ የሚሠራው በገባው ሰው ስምና በዚያ ሰው ፈቃድ ልክ ብቻ ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ሁለቱ በተለያየ ክፍለ ጊዜ ነው የሚኖሩት፦ ሰርቪሱ በዜሮ፣ ሰው ከአንድ ጀምሮ። በደንብ የተሠራ አንቲቫይረስ መስኮቱ ራሱ በጋራ ፋይል ላይ አይጽፍም፤ የሚጻፈውን ለሰርቪሱ ያስተላልፋል። ይህኛው ግን የፍተሻ መዝገቡን (ሎጉን) የሚጽፈው በመስኮቱ በኩል ነበር።

ታዲያ አንድ ኮር ብቻ ተይዞ ኮምፒውተሩ ሁሉ ለምን ይደርቃል? ቅንብሩ «ፍላሽ ሲሰካ ተጠቃሚውን ጠይቅ» ላይ ነበር። የአንቲቫይረሱ ድራይቨር፣ ማለትም ፋይል ከመከፈቱ በፊት ጣልቃ የሚገባው ክፍል፣ መስኮቱ መልስ እስኪሰጥ ፍላሹን ለማንም አይከፍትም። ኤክስፕሎረር (ፎልደር የሚከፍተው የዊንዶውስ ፕሮግራም) ፍላሹን ለመክፈት ድራይቨሩን ይጠብቃል፣ ታስክባሩም የኤክስፕሎረር አካል ስለሆነ አብሮ ይቆማል። ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃው ጊዜ ድራይቨሩ መጠበቅ ታክቶት እስኪለቅ የሚፈጀው ነው።

ማን ነው የሚደርቅበት?

መሣሪያ ከመክፈት በፊት ግማሽ ሰዓት የፈጀ ቀላል ሙከራ ተደረገ፤ ቁጥር 3 ኮምፒውተር ላይ፣ በአንድ ፍላሽ። በእያንዳንዱ ሙከራ መካከል «ስዊች ዩዘር» ሳይሆን ሙሉ «ሳይን አውት» መደረግ አለበት። አለዚያ የቀድሞው ሰው መስኮት ከበስተጀርባ ፋይሎቹን እንደያዘ ይቀራልና ውጤቱ ይምታታል።

የባለቤቱ አድሚን፦ ይሠራል። የጠዋቷ ጸሐፊ ውስን አካውንት፦ ይደርቃል። የከሰዓቱ፦ ይደርቃል። አዲስ የተከፈተ፣ ምንም ያልተነካ ውስን አካውንት፦ ይደርቃል፤ ስለዚህ የፕሮፋይል መበላሸት አይደለም። አዲስ የተከፈተ አድሚን አካውንት፦ ይደርቃል። በዚያው በአዲሱ አድሚን የአንቲቫይረሱን መስኮት ዘግቶ «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ብሎ መክፈት፦ ይሠራል።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ተደምረው ብዙ ይናገራሉ። አድሚን አካውንት ቢሆንም ዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በመደበኛነት የሚያስነሣቸው የአድሚንነቱን ፈቃድ ወደ ጎን አስቀምጦ ነው፤ ሙሉ ፈቃዱ የሚሰጠው ተጠይቆ «የስ» ሲባል ብቻ ነው። የባለቤቱ አካውንትም እንደዚያው ነው። እንዲያ ሆኖ በእሱ የሚሠራው ሌላ ምክንያት ቢኖር ነው፤ የሆነ ቦታ ላይ በስሙ የተያዘ ነገር አለ።

ፕሮሰስ ሞኒተር

የተያዘው ነገር የሚገኘው በፕሮሰስ ሞኒተር ነው። ይህ የማይክሮሶፍት ነፃ መሣሪያ ነው፣ ከሲስኢንተርናልስ ስብስብ የሚወርድ፣ መጫን የማያስፈልገው። በውስን አካውንት ውስጥ ሆኖ ይከፈታል፣ የአድሚን የይለፍ ቃል ይጠይቃል፣ ከዚያ የሁሉንም ፕሮግራም እንቅስቃሴ ያያል።

ባለ 4 ጊጋ ራም ኮምፒውተር ላይ አንድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ካልተነገረው በስተቀር ያየውን ሁሉ በኮምፒውተሩ ሜሞሪ ይይዛል፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥም እሱ ራሱ ኮምፒውተሩን ያደርቀዋል። ስለዚህ መጀመሪያ መቅረጹ ይቆማል፣ ከ«ፊልተር» ዝርዝር «ድሮፕ ፊልተርድ ኢቨንትስ» ይመረጣል፣ ቀጥሎ ሁለት ማጣሪያ ይገባል፦ የፕሮሰሱ ስም የአንቲቫይረሱ መስኮት፣ ውጤቱ «አክሰስ ዲናይድ»። ቀረጻ ይጀመራል፣ ፍላሽ ይሰካል፣ 40 ሰከንድ ይጠበቃል፣ ይቆማል።

በ40 ሰከንድ ውስጥ ከ90,000 በላይ መስመር ተመዘገበ። ከ«ቱልስ» ዝርዝር «ፋይል ሰመሪ» ሲባል ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም አንድ ፋይል ላይ የወደቁ ሆነው ተገኙ፦ በሲ ድራይቭ፣ ፕሮግራም ዳታ (ፕሮግራሞች ለሁሉም ተጠቃሚ የጋራ ፋይል የሚያስቀምጡበት ፎልደር) ውስጥ፣ የአንቲቫይረሱ ሎግ ፎልደር ውስጥ ያለ የፍተሻ መዝገብ። መስመሩ ላይ የተጠየቀው ፈቃድ «ጀነሪክ ራይት» ነው፣ ማለትም ለመጻፍ ክፈትልኝ።

«አክሰስ ዲናይድ» መታየቱ ብቻውን ግን በሽታ አይደለም። ጤነኛ ፕሮግራምም መጀመሪያ ሙሉ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ሲከለከል ማንበብ ብቻ ይጠይቃል፣ ይቀጥላል። አንቲቫይረስ ደግሞ ራሱን ስለሚከላከል የራሱን ፋይሎች ለሌሎች ይከለክላል፤ ያም በዚያው ቃል ይመዘገባል። የሚፈለገው ተደጋጋሚ የሆነውና ያንኑ ፋይል የሚመታው ነው። ጥርጣሬ ካለ በሚሠራበት አካውንት ሌላ ቀረጻ ተወስዶ ጎን ለጎን ይታያል። እዚህ በባለቤቱ አካውንት ያ ፋይል አንድ ጊዜ ተጠይቆ፣ አንድ ጊዜ ተፈቅዶ አልፏል።

የፋይሉ ባለቤት

ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ሴኩሪቲ»፣ «አድቫንስድ» ሲባል ከላይ «ኦውነር» የሚል መስመር አለ። የፋይሉ ባለቤት የኮፒ ቤቱ ባለቤት አካውንት ሆኖ ተገኘ።

ምክንያቱ የፕሮግራም ዳታ ፎልደር የተለመደው ፈቃድ ነው። እዚያ ውስጥ ማንኛውም ተጠቃሚ አዲስ ፋይል መፍጠር ይችላል፣ በፈጠረው ላይ ሙሉ ፈቃድ አለው፣ ሌላው የፈጠረውን ግን ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም። አንቲቫይረሱ በተጫነ ዕለት መስኮቱን መጀመሪያ የከፈቱት ባለቤቱ ናቸው፣ የመዝገቡ ፋይልም በስማቸው ተፈጠረ። ከዚያ በኋላ የመጣ ሁሉ፣ ውስን ይሁን አድሚን፣ በማንበብ ይቀራል። የፕሮግራሙ ጥፋት ደግሞ ሲከለከል ስሕተት ብሎ ከማለፍ ይልቅ እስኪፈቀድለት ያለ ዕረፍት መሞከሩ ነው። ውስን አካውንት እስኪከፈት ድረስ ሁሉም ሠራተኛ በአንድ አድሚን ይሠራ ስለነበር ስንጥቁ ተሸፍኖ ኖሯል።

ይህ እንደታወቀ ከሁሉ የቀለለው መፍትሔ ፋይሉን መሰረዝ ይመስላል። አይሠራም፣ ይባስ ብሎም ያሳስታል። ቁጥር 3 ላይ በአድሚን ሲሰረዝ የጠዋቷ ጸሐፊ ወዲያው ደህና ሆነች፤ ፋይሉ በእሷ ስም እንደ አዲስ ተፈጥሯልና። ከሰዓት በኋላ የገባው ጸሐፊ ግን እንደቀድሞው ደረቀበት፣ ባለቤቱም ማታ በራሳቸው አካውንት ሲገቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቀባቸው። ችግሩ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

ጊዜያዊው መፍትሔ

ሥራ እንዳይቆም በዚያው ቀን የተደረገው የሎግ ፎልደሩን ፈቃድ ማስተካከል ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። በባለቤቱ አካውንት ተገብቶ የአንቲቫይረሱ ራስን መከላከያ ከቅንብሩ ይጠፋል፤ ይህ ካልሆነ አድሚንም ቢሆን ፈቃድ ሲቀይር ይከለከላል። የሎግ ፎልደሩ ላይ «ሴኩሪቲ»፣ «አድቫንስድ» ይከፈታል፣ «ዩዘርስ» ለሚለው ቡድን «ሞዲፋይ» ይሰጣል፣ ተፈጻሚነቱም «ይህ ፎልደር፣ ንዑስ ፎልደሮችና ፋይሎች» ይደረጋል። ከታች ያለችው «የውስጦቹን ፈቃድ በዚህ ተካ» የምትለው ሳጥን ምልክት ይደረግባታል፤ ይህች ከተዘለለች ከፎልደሩ ፈቃድ እንዳይወርስ የተደረገ ነባር ፋይል ካለ በቀድሞ ፈቃዱ ይቀራል። በመጨረሻ ራስን መከላከያው ተመልሶ ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ሪስታርት ይደረጋል።

ፈቃዱ የሚሰጠው ለሎግ ፎልደሩ ብቻ ነው። አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጥቶ ለአንቲቫይረሱ ፎልደር በሙሉ «ኤቭሪዋን ፉል ኮንትሮል» መስጠት የተለመደ ነው፣ ግን ከባድ ጥፋት ነው። እዚያ ውስጥ የቫይረስ መለያው፣ «እነዚህን አትፈትሽ» የሚለው ዝርዝርና ሰርቪሱ የሚጭናቸው ፋይሎች አሉ። ውስን አካውንት እዚያ መጻፍ ከቻለ በዚያ አካውንት የተነሣ የፍላሽ ቫይረስም ይጽፋል፤ ያስቀመጠውን ፋይል ሰርቪሱ በሲስተም ፈቃድ ሊያነሣለት ይችላል። ያኔ ውስን አካውንት መክፈት ትርጉሙን ያጣል።

ሁለት የተደራረቡ ነገሮች

በምርመራው መሐል ሌላ ሃንግ የመሰለ ነገር ታይቶ ነበር። ሳይጫን ከፍላሽ በቀጥታ በተከፈተ የርቀት መቆጣጠሪያ ከውጭ ሆኖ ሲታይ የጸሐፊዋ ስክሪን በየጊዜው ጥቁር ይሆንና ይቆማል። ቦታው ላይ ላለው ሰው ግን ስክሪኑ ደብዘዝ ብሎ የአድሚን የይለፍ ቃል ነበር የሚጠይቀው። አሮጌው አንቲቫይረስ ራሱን ሲያድስ አድሚን ይጠይቃል፣ ዊንዶውስም ጥያቄውን የሚያቀርበው ሌላ ፕሮግራም በማያየውና በማይነካው የተለየ ገጽ ላይ ነው። ከርቀት ለሚሠራ ባለሙያ «ደረቀ» ከማለቱ በፊት ስልክ ደውሎ «ስክሪኑ ላይ ምን ይታይሻል?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ሰዓት ያተርፋል።

ሁለተኛው ቁጥር 6 ነው። ፈቃዱ ከተስተካከለ በኋላ አምስቱ ደህና ሲሆኑ እሱ ጠዋት ጠዋት አሁንም ያስቸግር ነበር። ቀኑ ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ተመልሶ ነው የሚነሣው፤ አንቲቫይረሱ የላይሰንሱ ዘመን ገና አልጀመረም ይላል፣ የሰርቨሩ ሰርተፍኬትም በዚያ ቀን ስለማይጸና ማደሻው አይገናኝም። ውስን አካውንት የሰዓት ክልል መቀየር ይችላል፣ ሰዓቱንና ቀኑን መቀየር ግን አይችልም፤ ጸሐፊው ምንም ማድረግ አልቻለም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የሲሞስ ባትሪ በመልቲሜትር ስትለካ 2.1 ቮልት ነበረች፤ አዲስ ከ3 ትንሽ ይበልጣል። መብራት ሲጠፋና ማታ ሶኬት ሲነቀል ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ብቻ ናት። ተቀየረች፣ ባዮስ ውስጥ ቀኑ ተስተካከለ፣ አበቃ።

ዘላቂው

ጊዜያዊው መፍትሔ የአሮጌውን ፕሮግራም ጉድለት ይሸፍናል እንጂ አያድነውም። በሳምንቱ እሑድ ስድስቱም ላይ አሮጌው ቅጂ ወጣ። መጀመሪያ ከዊንዶውስ ማራገፊያ፣ ቀጥሎ በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በአስፈላጊዎቹ ክፍሎች ብቻ ሲነሣ) የአምራቹ የራሱ ማጽጃ፤ ድራይቨሩ ሳይወጣ ከቀረ ከአዲሱ ጋር ይጋጫልና። በፕሮግራም ዳታ ውስጥ የቀረው የአሮጌው አንቲቫይረስ ፎልደርም ከእነ ፈቃዱ ተሰረዘ። ከዚያ ከአምራቹ ገጽ የወረደ አዲስ ቅጂ በአምስቱ ላይ ተጫነ፤ ይህኛው የየሰውን መዝገብ በየሰው «አፕ ዳታ» (የተጠቃሚው የግል ፎልደር) ውስጥ ይጽፋል፣ ማደሻውም በሰርቪሱ በኩል ስለሆነ የይለፍ ቃል አይጠይቅም። ዲስኩ ከሁሉ ዘገምተኛ በሆነው ቁጥር 6 ላይ ሌላ አልተጫነም፣ የዊንዶውስ የራሱ ዲፌንደር ተተወ። ለእንዲህ ያለ ሥራና ለእንዲህ ያለ ማሽን ይበቃል፤ ከውስን አካውንት ጋርም ተስማምቶ የሚኖር ነው። ሙሉ ፍተሻው ቤቱ ከሚከፈትበት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ወደ ምሳ ሰዓት ተዛወረ፣ ሃርድ ዲስኩ በመክፈቻ ሰዓት 100 በመቶ እንዳይያዝ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ማሽኖቹን የመቀየሩ ወይም የማሳደጉ ነገር ለባለቤቱ ለብቻው ተነግሯቸዋል።

ማረጋገጫው የተደረገው በውስን አካውንቶቹ ነው፣ በአድሚን አይደለም። በእያንዳንዱ አካውንት የኢካር ጽሑፍ፣ አንቲቫይረስ መሥራቱን ለመሞከር የተዘጋጀች፣ 68 ፊደል ያላትና ጉዳት የሌላት፣ ፍላሽ ላይ ተቀመጠች። በስድስቱም ላይ፣ በአሥራ ሁለቱም አካውንት ወዲያው ተያዘች፣ መስኮቱም ሳይደርቅ ማስጠንቀቂያውን አሳይቶ ተዘጋ። ቁጥር 3 ላይ ፕሮሰስ ሞኒተር በዚያው ማጣሪያ ለአሥር ደቂቃ ተተወ፤ የተያዘው 11 መስመር ብቻ ነበር፣ ሁሉም መጀመሪያ ሙሉ ፈቃድ ጠይቀው፣ ተከልክለው፣ ቀጥሎ በማንበብ ያለፉ።